አንድ ለሷ፣ አንድ ለሱ

ከባለቤቴ ከሙሄ የተፋታሁት ተጣልተን አይደለም፤ ደክሞን ነው። ይህን ስናገር ሰው አያምነኝም። ፍቺ ከተባለ ወይ ዱላ፣ ወይ መጠጥ፣ ወይ ሌላ ሴት መኖር አለበት ይመስለዋል። እኛ ቤት አንዱም አልነበረም። መርሳ አጠገብ ግራና በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር የምንኖረው። እሱ የአባቱን የመስኖ መሬት ያርሳል፣ እኔ እዚያው በነርስነት እሠራለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ወልድያ የተሻለ ሥራ አገኘሁ። እሱ መሬቴን ትቼ ከተማ አልገባም አለ፣ እኔም ያገኘሁትን ሥራ አልለቅም አልኩ። ልጆቹ ትምህርታቸው እንዳይቋረጥ ግራና ይቆዩ፣ እኔ በእረፍቴ እመላለሳለሁ ተባለ። ከዚያ ወዲያ እኔ ስሄድ እሱ ሽንኩርት ጭኖ ገበያ ነው፤ እሱ ሲመጣ እኔ ተረኛ ነኝ። ስንገናኝም የምናወራው ስላለመገናኘታችን ነበር። አንድ ቀን በስልክ «ከድጃ፣ በቃ ደከመኝ» አለኝ። «እኔም» አልኩት። የስንት ዓመት ትዳር በዚች ቃል አለቀ።

ሁለት ልጆች አሉን። ሀያት ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ጀማል ስድስት ዓመቱ። ሀያት ወንድሟን የተቀበለችው ገና ከአራስ ቤት ነው። እኔ ተረኛ ስሆን የምታዝለው እሷ፣ የምታበላው እሷ፣ ሲያለቅስ የምታባብለው እሷ ነበረች። ወልድያ ከገባሁ በኋላማ ጭራሽ ባሰ። የሙሄ እህት ዘሀራ አብራቸው ስለምትኖር የሚበሉትና የሚለብሱት አልጎደለባቸውም፤ ጀማል ግን ማንንም «ውሃ ስጪኝ» አይልም፣ ሀያትን ነው የሚጠይቀው። እኔም ይህን እያየሁ ነበር። እንደ ቁም ነገር ግን አልቆጠርኩትም፤ ልጆች ናቸው፣ ተላምደው ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ፍቺው ሲቆረጥ ሽማግሌ ተቀመጠ። መሪያቸው ኒካሃችንን ያሰሩት አባ ይማም ናቸው፤ በግራና ዙሪያ ተጣልቶ የሳቸውን ደጅ ያልረገጠ ሰው የለም። በጎቹ ተካፈሉ፣ በቆሎው ተካፈለ፣ አልጋውና ቁም ሳጥኑ ለኔ፣ ቤቱ ለሱ ሆነ። ከዚያ የልጆቹ ጉዳይ ተነሣ። እኔም ሁለቱንም እፈልጋለሁ አልኩ፣ እሱም ሁለቱንም እፈልጋለሁ አለ። አባ ይማም መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«ሴቷ ከናቷ፣ ወንዱ ካባቱ። አንድ ለሷ፣ አንድ ለሱ። ማንም ባዶ እጁን አይቀር፣ ማንም ቂም አይያዝ። ወደድንም አትበሉ፣ ጠላንም አትበሉ፣ አሚን በሉ።»

አሚን አልን። ለማሳረጊያ ፋቲሃ ተቀራ። የተሰበሰበው ሁሉ «እንዲህ ነው እንጂ ፍርድ!» እያለ ወጣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ያን ቀን ቅር አላለኝም። ከሁሉም ባዶ ሆኜ እቀራለሁ ብዬ ስፈራ ስለነበር አንዷን ማግኘቴ ራሱ እፎይታ ነበር። መስከረም ላይ ሀያትን ይዤ ወልድያ ገባሁ፣ ጀማል ግራና ቀረ። ስምምነታችንን ጽፈን መርሳ ለሚገኘው ፍርድ ቤት አስገባን። ፍርድ ቤቱም እንደ ደንቡ የማሰቢያ ጊዜ ሰጥቶ ለጥር ቀጠረን። የሚቀረው ማኅተም ብቻ ነው ብለን ነበር።

በነዚያ ወራት ሀያት አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። ትነሣለች፣ ትማራለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ትተኛለች። ጸጥታዋ ነበር የሚከብደኝ። ምሳ ዕቃዋን ስከፍት ሁልጊዜ ግማሹ ዳቦ እንዳለ ነው። «ለምን አልበላሽውም?» ስላት «ጠገብኩ» ትላለች። አንድ ቀን ቦርሳዋን ላጥብ ሳራግፈው ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ ዳቦ ወደቀ፤ ሻግቷል። «ለማን ነው ይሄ?» አልኳት። «ለማንም» አለች። አስተማሪዋም አስጠርታ «ልጅቷ ክፍል ውስጥ አትናገርም፣ ቤት ውስጥ ምን አለ?» አለችኝ። ከተማ አዲስ ሆኖባት ነው አልኩ። ሙሄ ሲደውል ግን ምንም አልነገርኩትም። «ሀያት እንዴት ናት?» ይላል። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» እላለሁ። «ጀማልስ?» እላለሁ በተራዬ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ይላል። ስልኩ ይዘጋል።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ከወልድያ ሚኒባስ ያዝን። በዚህ ዘመን እኛ አገር መንገድ የሚሄድ ሰው ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ነው። ረዳቱ «ለጊዜው ክፍት ነው» አለ። ለጊዜው። ሁሉ ነገራችን ለጊዜው ሆኗል እያልኩ በሆዴ ተሳፈርኩ። ሀያት መስኮት ሥር ተቀመጠች። አዳሩን ተረኛ ስለነበርኩ ዓይኔ ይቃጠላል፤ ሆኖም አንድ የቀረኝ ሥራ ነበር።

«ዳኛዋ ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ ብላ ብትጠይቅሽ ምን ትያለሽ?»

«ከእማ ጋር።»

«ጎበዝ። ሌላ ነገር አታብዢ፣ እሺ?»

«እሺ።»

እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ነበር ያነበነበችው። ሲሪንቃን ስናልፍ የግብርና ምርምር ማሳዎቹን እያየች «ጀማልም ይመጣል ኣ?» አለችኝ። ይመጣል አልኳት።

መርሳ ከወልድያ ይሞቃል። የፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ባለጉዳይ ሞልቷል፤ እኛም ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ ከግራና የመጣ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ሙሄ ወረደ፣ ዘሀራ ወረደች፣ አባ ይማም ከዘራቸውን አስቀድመው ወረዱ፤ በመጨረሻ ጀማል። አንድ እግሩን ያነክሳል። ይሮጥና ይጠመጠምብኛል ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሮጠም። እኔን አልፎ ሄደና ሀያት አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሰላምም አላላትም። እግሩን አንሥቶ ጭኗ ላይ ጣል አደረገላት።

ሀያትም ኮንጎ ጫማውን አወለቀች፣ ውስጥ እግሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፣ ጎንበስ ብላ አየች።

«ሶስት ቀን ሆነው ካነከሰ» አለች ዘሀራ እያለከለከች። «እሾህ ገብቶበት። ወላሂ ለማንም አላስነካ አለ። አባቱ ቢለው እምቢ፣ እኔ ብለው እምቢ።»

እኔ ደግሞ ሥራዬ ነው። የሰው ቁስል ሳክም የምኖር ሴት ነኝ። ተንበረከክሁና «ና የኔ ጌታ፣ እኔ ላውጣልህ» ብዬ እግሩን ያዝኩ። ቀማኝ።

«ሀያት ናት ምታወጣልኝ» አለ።

ሀያት ቀና ብላ አየችኝና «እማ፣ መርፌ ቁልፍሽን ስጪኝ» አለች። ከሻሼ ላይ ነቅዬ ሰጠኋት። በምራቋ አረጠበች፣ ቆዳውን ቀስ አድርጋ ከፈተች፣ እሾኳን ነቅሳ አወጣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። በነርስ ዓይን ካያችሁት ንጽሕናው የሚያስቆጣ አወጣጥ ነው። ጀማል ግን ፊቱን እንኳን አላኮማተረም። እሾኳን አገላብጦ አየና «ትልቅ ናት» አለ። «አዎ» አለችው። ይኸው ነው፣ ከአራት ወር በኋላ ሲገናኙ የተባባሉት። ከሻሼ ጫፍ ጋር እየታገልኩ ፊቴን አዞርኩ። አንጀቴን የበላኝ የልጆቹ ነገር ብቻ አይመስለኝም፤ እዚያ መሀል እኔ ቦታ እንደሌለኝ ማየቴም ነው።

ስማችን ተጠራና ገባን። ዳኛዋ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ከኛ ያላነሰ የደከማት ሴት ናት። ስምምነታችንን አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ልጆቹ አሁን ለየብቻ ናቸው?»

«አዎ ክብርት ዳኛ» አለ ሙሄ። «ከመስከረም ጀምሮ።»

«ይህን የወሰነው ማነው?»

አባ ይማም ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኛ ነን ክብርት ዳኛ። ሽማግሎቹ። ሁለቱም ልጆቹን ፈለጉ። ለአንዱ ሰጥተን አንዱን ባዶ ብናስቀር ቂም ይሆናል፣ ደም ይሆናል ብለን አንድ ለሷ፣ አንድ ለሱ አልን። አገሩ ሁሉ ወዶታል።»

«አባባ፣ ድካማችሁን አከብራለሁ» አለች ዳኛዋ። «እርስዎ የተናገሩት ግን የእናትና የአባትን ድርሻ ነው። የልጆቹ ድርሻ የቱ ነው?»

አባ ይማም «እሱን አልጠየቅንም» አሉ፤ ሳይከራከሩ፣ በቀጥታ።

ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሕጉ የባልና ሚስትን ስምምነት እንደሚያከብር፣ ስምምነቱ የልጆቹን ደህንነት በበቂ ሁኔታ የማይጠብቅ ከሆነ ግን ፍቺውን ብቻ አጽድቃ የልጆቹን ጉዳይ ራሷ መወሰን እንዳለባት አስረዳችን። ከዚያ ልጆቹን በጽሕፈት ቤቷ ለብቻቸው ከሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ጋር ሆና ማነጋገር እንደምትፈልግ ነገረችንና እኛን አስወጣችን። ሀያት ወንድሟን እጁን ይዛ ስትገባ ዞር ብላ አላየችኝም።

ከበሩ ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ሙሄ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ተቀመጥን። ዘሀራና አባ ይማም ዛፉ ሥር ሄዱ።

«ጀማል ማታ አይተኛም» አለ ሙሄ በድንገት።

«ምን?»

«የሀያትን አንሶላ አጠገቡ ካላነጠፍንለት አይተኛም። ካነጠፍን በኋላም ‹መጣች?› ይላል። ነገ ትመጣለች እለዋለሁ። ነገም ያንኑ ይጠይቀኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሄደች ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ‹ደህና ነው› ስትለኝ የነበረው ምን ነበር?»

«ፍርድ ቤት ታነሺብኛለሽ ብዬ ነዋ! አባቱ ማሳደግ አልቻለም ብለሽ ትወስጅብኛለሽ ብዬ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺስ? ሀያት ደህና ናት አልሽኝ። ልጄን አየኋት እኮ ዛሬ። ከስታለች።»

ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ተውኩት። ስለ ዳቦው ነገርኩት። ስለ አስተማሪዋም ነገርኩት። እኔም የደበቅሁት በዚያው ምክንያት ነበር፤ ቢያውቅ ይወስድብኛል ብዬ። ሁለታችንም የልጆቻችንን ሕመም እንደ ራሳችን ጉድ ሸሽገን ይዘን ተቀምጠናል። እዚያ ወንበር ላይ የነበረውን ክፍተት አልቀነስነውም፤ ዝም ብለን ግን አልተቀመጥንም። እሱ ያውቃል ብዬ የማስበውን ሁሉ አያውቅም ነበር፣ እኔም እንዲሁ። በትዳር ላይ ሳለን እንደዚያ ቀን አውርተን ቢሆን ኖሮ ምናልባት እዚያ ወንበር ላይ ባልተቀመጥን ነበር። ምናልባት። አሁን ይህን ማሰቡም ይደክመኛል።

ልጆቹ ሲወጡ ዳኛዋ ከሰዓት በኋላ እንድንመለስ አዘዘችን። «እስከዚያ አብራችሁ ምሳ ብሉ» አለች። ትእዛዝ ይሁን ምክር አልገባኝም፤ እንደ ትእዛዝ ወሰድነው። ዋናው መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን። ሀያትና ጀማል አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ጀማል እንቁላሏን አባቱ ጫማ ውስጥ ስለጣለች አንዲት ዶሮ ማውራት ጀመረ። ወሬው መጨረሻ የለውም። ሀያት ሳቀች። ጎርሳ ስለነበር ታነቀች፣ ጀማል ጀርባዋን በጡጫ መታላት፣ እንደገና ሳቀች። ልጄ ስትስቅ ድምጿ እንዴት እንደነበር ረስቼው ኖሯል። ሙሄን አየሁት፣ አየኝ። ሁለታችንም እንጀራውን መንካት አቆምን።

ያኔ ነው የገባኝ። ዳኛዋ እነዚህን ልጆች ከእንግዲህ አትለያቸውም። ከተለያዩም የሚለያዩት ከአንዳችን ነው። አንዳችን ዛሬ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። ሙሄም እንደገባው ከፊቱ አየሁ፤ የወንበሩ ወዳጅነታችን እዚያው ላይ አበቃ።

ከሰዓት በኋላ እንደ ጠላት ነው የተከራከርነው። እሱ ሁለቱንም ይስጡኝ አለ፤ እኔም ሁለቱንም ይስጡኝ አልኩ። እኔ እናት ነኝ፣ ደመወዝ አለኝ፣ ተምሬያለሁ፣ ከተማ ነኝ፣ ትምህርት ቤቱ እዚያ ይሻላል አልኩ። ዳኛዋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«የሚኖሩበት ቤት ስንት ክፍል ነው?»

«አንድ። ተከራይቼ ነው።»

«ማታ ተረኛ ሲሆኑ ሀያት ከማን ጋር ታድራለች?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ተረኛ ሆኜ መልሱን ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት። ሲጠየቅ ግን ያዘጋጀሁት ጠፋኝ።

«ለብቻዋ» አልኩ። «አከራዬ በግድግዳው በኩል ይሰማሉ። ደግ ሴት ናቸው።»

«ጀማል ቢጨመርስ?»

«ሀያት ትጠብቀዋለች» አልኩና ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የተናገርኩትን ሰማሁት። ዳኛዋም ሰማችው። አልጻፈችውም።

ወደ ሙሄ ዞራ ስለ ሥራው፣ ገበያ ሲወጣ ስለሚቆይበት ጊዜ፣ ትምህርት ቤቱ ከቤት ስለሚርቅበት መንገድ ጠየቀችው። እሱንም አላሳለፈችውም፤ «ልጁ እንደማይተኛ እያወቁ አራት ወር ሙሉ ለእናቱ ያልነገሩት ለምንድን ነው?» አለችው። ከዚያ ዘሀራን አስነሣቻት።

«እርስዎ እዚያ ቤት ሥራዎ ምንድን ነው?»

ዘሀራ ሻሽዋን አስተካከለች። «እኔ ወልጄ አላውቅም ክብርት ዳኛ። ሥራዬ እነሱ ናቸው።»

«እናታቸው እኔ ነኝ!» ብዬ ቆሜ ጮኽኩ።

«እሱን የጠየቀ የለም» አለች ዳኛዋ፤ በቁጣ አልነበረም። «ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ።

ውሳኔዋን ስታሰማ ፍቺውን አጽድቄዋለሁ ብላ ጀመረች። የልጆቹን ክፍፍል ግን አልተቀበለችውም። «ልጆቹን ለየብቻቸው ከማን ጋር መኖር ትፈልጋላችሁ ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ» አለች። «ወንዱ ‹ካባቴ ጋ› አለኝ፣ ወዲያው ‹ሀያትስ የት ትሆናለች?› ብሎ ጠየቀኝ። ሴቷ መጀመሪያ ዝም አለች። የተነገራት ነገር ካለ እዚህ መድገም እንደሌለባት ስነግራት ‹ጀማል ጋ› አለች። እናትም አባትም አልጠራችም። ደግሜ ጠየቅኋት፣ ያንኑ ደገመች። የልጅ ቃል ብቻውን ፍርድ አይደለም። እዚህ ግን ያየሁት ሁሉ ከዚሁ ቃል ጋር ይሄዳል።»

ሁለቱ ልጆች አብረው በአባታቸው ቤት እንዲኖሩ ወሰነች። ምክንያቷን ዘረዘረች፦ ተወልደው ያደጉበት ቤት መሆኑ፣ ትምህርት ቤቱ ቅርብ መሆኑ፣ ማታም ቀንም ከቤት የማይጠፋ ትልቅ ሰው መኖሩ። እኔ በእረፍት ቀኖቼ ሁሉ እንዳያቸው፣ ክረምቱን ከኔ ጋር እንዲሆኑ፣ ትልልቅ ጉዳዮቻቸውን ሁለታችን ተመካክረን እንድንወስን፣ መንገድ ተዘግቶ መሄድ ባልችል ያለፈኝ ቀን እንዲተካልኝ አዘዘች። የኔ ሁኔታ ከተለወጠ ተመልሼ ማመልከት እንደምችልም ነገረችኝ። በመጨረሻ ቀና ብላ አየችኝና «ይህ ቅጣት አይደለም» አለች። «ለርስዎም ለአባትየውም አይደለም የፈረድኩት። ለልጆቹ ነው።»

እኔ እንደ ቅጣት ነበር የሰማሁት። ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሕጉ ልክ ነው ብዬ እያጨበጨብኩ አልወጣሁም። ግቢው ውስጥ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ፤ ያለፈ ያገደመው ባለጉዳይ ሁሉ ሰው የሞተብኝ መስሎት «አይዞሽ» ይለኝ ነበር።

አባ ይማም ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። «ከድጃ ልጄ፣ አፉ በይኝ» አሉ። «እኛ ቂም እንዳይኖር ነው። ሁለታችሁ እንዳታለቅሱ ብለን ነው።»

«አውቃለሁ አባ ይማም። አፉ ብያለሁ። ይቅር ይበለን እንጂ እኔም አሚን ብያለሁ እኮ።»

«አሚን አልን» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ልጆቹ አሚን አላሉም።»

ከዚያ ወዲህ አባ ይማም ባልና ሚስት ሊያፋቱ ሲቀመጡ ልጆቹን አስጠርተው ሳያናግሩ ስለ ልጅ አፋቸውን እንደማይከፍቱ ሙሄ ነግሮኛል። ሽምግልናቸውን አልተዉም፤ ማንም ባዶ እጁን አይቀር የምትለዋን ነገር ብቻ ትተዋታል።

ሀያት ልብሷን ልትይዝ ከኔ ጋር ወልድያ ተመለሰች። ለምን «ከእማ ጋር» እንዳላለች ልጠይቃት መንገዱን ሙሉ ደጋግሜ አስቤ ተውኩት። መልሷን ፈራሁ። አባቴ ይሻለኛል ብትለኝስ? በሳምንቱ መጨረሻ ሙሄ መጥቶ ወሰዳት። ቦርሳዋን ሳዘጋጅላት ከሥሩ ዳቦ አላገኘሁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ልጆች ኖሯችሁ ትዳራችሁ ሊፈርስ የተቃረበ፣ እኔ መካሪ አይደለሁም። ያን ቀን የተማርኩት አንድ ነገር ግን ዋጋው ውድ ስለነበር ዝም ብዬ ብይዘው ይቆጨኛል። ሁለት አዋቂዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው «ለሁለታችንም የሚስማማ» ነገር ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። ሽማግሌውም ይመርቃል፣ ጎረቤቱም ያደንቃል። እኛም በጣም ተስማምተን ነበር። ያን ያህል የተስማማነው በጎቹን በተካፈልንበት ዓይን ልጆቹን ስላየናቸው ነው። ልጆቻችሁ ደህና ናቸው ወይ ተብላችሁ ስትጠየቁ «ደህና ናቸው» የምትሉት ለማን ብላችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔ ለራሴ ብዬ ነበር የምለው።

አሁን እረፍት ባገኘሁ ቁጥር መንገዱ ከተከፈተ ግራና ነኝ። ወደ መርሳ ወይም ወደ ግራና ለመዛወር አመልክቻለሁ፤ ቦታ ሲገኝ ተብያለሁ፣ ኢንሻአላህ ይገኛል። ያን ጊዜ ትቼው ወደሄድኩት ቦታ ለመመለስ አሁን ደጅ እጠናለሁ። መንገድ የተዘጋባቸው ሳምንታት አሉ፤ በነዚያ ጊዜያት ከስልኩ በቀር ምንም የለኝም። ዘሀራን ለረጅም ጊዜ ዓይኗን ማየት አስጠልቶኝ ነበር። አሁን ስሄድ እራት ታቆይልኛለች፤ እኔም ለደም ግፊቷ መድኃኒት እወስድላታለሁ። ወዳጅ ሆነናል ማለት ይከብደኛል። ጀማል ግን ያለ አንሶላው ይተኛል፣ ሀያትም በሙሉ ድምጿ ከወንድሟ ጋር ትጣላለች። ሲጣሉ ስሰማ ደስ ይለኛል።

ያን ጥያቄዬን የጠየቅኋት ከወራት በኋላ ነው። ግራና የመስኖው ቦይ ዳር ተቀምጠን ጀማል እግሩን ውሃ ውስጥ ያንቦጫርቃል።

«ሀያት፣ ያን ቀን ለምን ‹ከእማ ጋር› አላልሽም?»

ነገሩ ግልጽ ሆኖ ሳለ ለምን እንደምጠይቃት የገረማት መሰለች።

«አንቺ ትልቅ ነሽ እማ» አለች። «አንቺ ብቻሽን ማደር ትችያለሽ። እሱ አይችልም።»

«እውነትሽን ነው» አልኳት። «እችላለሁ።»

ተረኛ ያልሆንኩ ማታ፣ ወልድያ፣ መብራቱን ሳላጠፋ ነው የምተኛው። ለሀያት አልነገርኳትም።